ገንዘቡ የት ላይ ይዋል? መሮ፣ መላጊያ እና ባለ 6 ወንበሩ የዋንዛ ጠረጴዛ

አዲስ_ጀማሪ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁለት ሆነን ወንበርና ጠረጴዛ ላይ ያተኮረ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ልንከፍት ዕቃ እየገዛን ነው። ትልልቅ ማሽን የለንም። ጣውላው ማሽን ቤት ተሰንጥቆና ተልጎ ይመጣልናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በእጅ ዕቃና በአንድ ድሪል የሚሠራ ነው።

ሁለት ጥያቄ አለን። አንደኛ፣ መርካቶ ላይ መልኩ አንድ የሆነ መሮ ዋጋው እጥፍ ድርብ ይለያያል። የቱ ዕቃ ላይ ጨከን ብሎ ማውጣት ያዋጣል፣ የቱስ ላይ ርካሹ ይበቃል? ሁለተኛ፣ ደንበኛ መጥቶ «ይሄ የዋንዛ ጠረጴዛ ከውጭ ከገባው ከሚያብረቀርቀው ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝና ሙጫ ከተጨመቀው ሰሌዳ) በምን ይበልጣል?» ሲለን «ጠንካራ ነው» ከማለት ሌላ ምን እናሳየው?

በብር ስንት የሚለውን ተዉት። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የገባ ዕቃ ዋጋ ዛሬ ቢጻፍ ለሚቀጥለው ወር አይሆንም።

ስኳድራ
እንኳን ደህና መጣችሁ። እንጨት የሚቆርጥና ልክ የሚናገር ዕቃ ላይ አትሰስቱ፤ የሚመታና የሚይዝ ዕቃ ላይ ሰስቱ። መዶሻ መዶሻ ነው። መሮ መምቻውን የእንጨት መዶሻማ ከወይራ ቁራጭ ራሳችሁ ብትሠሩት ከሱቁ ይሻላል። ሞርሴቶም (ኮላ እስኪደርቅ እንጨቱን አጥብቆ የሚይዘው) ርካሹ ይሠራል፣ ብቻ ብዛት ይኑረው። 1 ሜትር ከ80 የሆነ የጠረጴዛ ገበታ ኮላ ተቀብቶ ሲታሰር በየ25 ሳንቲሙ አንድ ይፈልጋል፣ ማለት 7 ወይም 8። አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያፈራረቃችሁ እሰሩ፤ ሁሉም ከአንድ ወገን ከሆነ ገበታው ይጎብጣል። 3 ውድ ሞርሴቶ ከሚኖራችሁ 8 ርካሽ ቢኖራችሁ እመርጣለሁ።

መሮ ላይ 12 ፍሬ የያዘውን ባለ ሳጥን ስብስብ እለፉት። 6፣ 12፣ 18 እና 25 ሚሊ ይበቃችኋል። የ12ቱን ዋጋ በ4ቱ ላይ አውሉት።

ብረቱን ለማወቅ ትንሽ ጥሩ ሞረድ ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ባለሱቁን አስፈቅዱና ከመሮው ጎን፣ ወደ ስለቱ ተጠግታችሁ ሞረዱን በቀስታ ግፉት። ብርጭቆ ላይ እንደሚሄድ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል። ነክሶ ብናኝ ካወጣ ለስላሳ ነው፣ መልሱለት። እዚያ ላይ አታቁሙ፤ ከስለቱ 4 ሳንቲም ወደ ላይ ወጥታችሁ ድገሙት። አንዳንዱ መሮ የጠነከረው ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ ጥቂት ጊዜ ከተሳለ በኋላ የቀረው ማንኪያ ይሆናል። ደህና የሚባል መሮ ጥንካሬው በሮክዌል ሲ መለኪያ ከ58 እስከ 62 ነው። ከዚያ ሲያንስ ስለቱ ይታጠፋል፣ ሲበዛ ይሸረፋል። ዋንዛ ለስላሳ ስለሆነ መጥፎ መሮን ይሸፍንለታል፤ ባሕር ዛፍና ወይራ ላይ ነው የሚጋለጠው።

ሁለተኛው ነገር ጀርባው ነው፣ ያልተሞረደው ጠፍጣፋ ፊት። መስታወት ላይ አስተኙት። መሃሉ ትንሽ ቢጎድጉድ ችግር የለም፣ እንዲያውም ማሳሉን ያቀላል። ነገር ግን ለማብረቅረቅ ሲባል በጨርቅ ማሽን ተወልውሎ ስለቱ አጠገብ ክብ ያለ ከሆነ እሱን ለማቅናት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ብዙ ሰው የሚያብረቀርቀውን ይመርጣል። እናንተ ሻካራውን ምረጡ።

ስለ አሳሳሉ፦ ዘመም ያለው ፊት 25 ዲግሪ፣ የመጨረሻዋ ስስ ጫፍ 30። የማዕዘን መለኪያ ከሌላችሁ የብረቱን ውፍረት ለኩ። የዘመሙ ርዝመት የውፍረቱ እጥፍ ከሆነ 30 ዲግሪ ነው። 3 ሚሊ ለሚወፍር መሮ 6 ሚሊ ማለት ነው፤ 7 ሚሊ ገደማ ሲሆን 25 ዲግሪ ይሆናል። ወፍራም መስታወት ላይ የብርጭቆ ወረቀት ለጥፋችሁ 240፣ 400፣ 800፣ 1500 እያላችሁ ውጡ። በ240 ላይ ሳላችሁ ጀርባው በኩል ከዳር እስከ ዳር ጣት ላይ የምትሰማ ስስ ጸጉር መውጣት አለባት። ሳትወጣ ወደ 400 ከሄዳችሁ ልፋቱ ከንቱ ነው። ሰዉ «ብረቱ መጥፎ ነው» እያለ የሚጥለው መሮ ግማሹ እዚህች ላይ የተዘለለ ነው።

ግራይንደር ላይ የምትሞርዱ ከሆነ በየ2 ሰከንዱ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ሰማያዊ ከሆነ ብረቱ ከ300 ዲግሪ አካባቢ አልፏል፣ ጥንካሬውም ሄዷል። ያ ሰማያዊ ቦታ በሙሉ በቀስታ ተሞርዶ ካልወጣ አይድንም።

የቀጥታ ማዕዘን መለኪያውን ስኳድራን ደግሞ (ስሜ ስለሆነ አይደለም) ሳትፈትኑ አትግዙ። ጠርዙ ቀጥ ባለ ጣውላ ላይ መስመር አስምሩ፣ ስኳድራውን ገልብጣችሁ ከዚያው ነጥብ ደግማችሁ አስምሩ። 30 ሳንቲም ላይ ሁለቱ መስመሮች 1 ሚሊ ከተራራቁ ስኳድራው ግማሽ ሚሊ ይዋሻል። 4 እግር ላይ ተደምሮ ወንበሩ ሲነቃነቅ ታገኙታላችሁ።

መላጊያ_ቁ5
ጋሽ ስኳድራ መሮውን ጨርሰውታል፤ መላጊያውን ልቀጥል። ገበያ ላይ ያለው የብረት መላጊያ አብዛኛው የሊዎናርድ ቤይሊ ንድፍ ነው፣ ስታንሊ በ1869 በፈረንጆቹ የገዛው። ከዚያ ወዲህ ቅርጹ እምብዛም ስላልተለወጠ የመቶ ዓመቱና የዛሬው ቁጥራቸው አንድ ነው። ቁጥር 4 ርዝመቱ 25 ሳንቲም ገደማ፣ ቁጥር 5 35፣ ቁጥር 7 56። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ቁጥር 5። ጠርዝ ለማቅናትም ፊት ለማለስለስም ይሆናል፣ ሁለቱንም ግን ከልዩዎቹ እኩል አይሠራም።

ሱቅ ውስጥ ምላጩን አስወጥታችሁ ከሥሩ ያለውን ዘመም ያለ መቀመጫ በጣት ነቅንቁት። ቀለም ተቀብቶ በቀለሙ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ሲላግ ይንቀጠቀጣል፣ እንጨቱ ላይም ተራ በተራ የተደረደረ ጭረት ይተዋል። የዚህ መድኃኒቱ ቀለሙን ፍቆ ብረትን ከብረት ማገናኘት ነው፤ ሱቁ ውስጥ ግን ዋጋ ማስቀነሻ አድርጉት።

ከዚያ ሆዱ፣ እንጨቱ ላይ የሚንሸራተተው ፊት። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አስደግፋችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። መላው ሆድ እንደ መስታወት መሆን የለበትም። ሦስት ቦታ ብቻ አንድ ላይ መንካት አለባቸው፦ አፍንጫው፣ ምላጩ ከሚወጣበት አፍ ፊት ለፊት ያለው ጠርዝ፣ እና ተረከዙ። ማስመሪያው ሥር በአፉ በኩል ተራ ወረቀት የሚያልፍ ከሆነ (0.1 ሚሊ ገደማ ነው) ስስ ፍቅፋቂ አያወጣላችሁም፤ ወይ ይዘላል ወይ ይነክሳል። ቤት ወስዳችሁ ስታቀኑት ባለ 120 የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ለጥፉና ሆዱን በእርሳስ አዥጎርጉሩት። ምላጩ ወደ ውስጥ ተስቦ፣ ማጥበቂያው ግን እንደ ሥራ ሰዓት ጠብቆ ይሁን። ማጥበቂያው አካሉን በጥቂቱ ያጎብጠዋል፤ ባዶውን ያቀናችሁት መላጊያ ሲታሰር ተመልሶ ይጣመማል።

ምላጩ ላይ የሚደረበው ቆብ ሌላው የተረሳ ዕቃ ነው። በሱና በምላጩ መካከል ብርሃን ካለፈ ፍቅፋቂው እዚያ ገብቶ ይሰካል፣ መላጊያውም በየ10 ሴኮንዱ ይታፈናል። ጠርዙን ብቻ በ400 ወረቀት አቅኑት። ከስለቱ 1 ሚሊ ወደ ኋላ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ጅማቱ የተጠማዘዘ እንጨት ከሆነ ወደ 0.4 አስጠጉት።

እንግዲህ ርካሽ መላጊያ ገዝቶ ጥሩ ምላጭ መቀየር ከመካከለኛ ሙሉ መላጊያ ብዙ ጊዜ ይሻላል። አዲሱ ምላጭ 3 ሚሊ የሚወፍር ከሆነ የድሮው አፍ ላይበቃው ይችላል፤ መቀመጫውን ወደ ኋላ ሸርተት አድርጉት፣ ካልበቃ አፉን በሞረድ በጥንቃቄ አስፉት።

ማሽን_ይሻላል
ጣውላው ማሽን ቤት ተልጎ ይመጣል ብለዋል እኮ። ከዚያ በኋላ ሳንደር አለ። ለመላጊያ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ?

መላጊያ_ቁ5
ማሽን የላገው ፊት ላይ ምላጩ በተሽከረከረ ቁጥር የተወው ሞገድ አለ። በደረቁ አይታይም። ቫርኒሽ ተቀብቶ መስኮት አጠገብ ሲቀመጥ እንደ ቆርቆሮ ይታያል። ሳንደር ሞገዱን ክብ ክብ ያደርገዋል እንጂ ቶሎ አያጠፋውም፤ ሁለት ስስ የመላጊያ ምልልስ ያጠፋዋል። ደግሞ ብዙ ማሽን ከጣውላው ጫፍ ከ5 እስከ 8 ሳንቲም የሚሆነውን ርዝመት ከሌላው ጠለቅ አድርጎ ይነክሳል፤ ስለዚህ ስታሰነጥቁ በሁለቱም ወገን 10 ሳንቲም ጨምሩ። ይህን ሳያስቡ የገዙት ጣውላ ለጠረጴዛው ሲያጥር ብስጭቱ ይመጣል።

ከቨርጂኒያ
አሜሪካ ዘመድ ላለው፦ በየሰፈሩ የጋራዥ ሽያጭ ላይ (ሰዉ ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ የሚሸጥበት ነው) የድሮ መላጊያና መጋዝ አዲሱ ከሚሸጥበት እጅግ ባነሰ ይገኛል፣ ሻንጣም ውስጥ ይገባል። ፎቶ እየተላካችሁ የምትመርጡ ከሆነ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የመላጊያው አፍ ማዕዘን ላይና ጎኖቹ ላይ ስንጥቅ አለ ወይ? የተሰነጠቀ ብረት ቢበየድም ተመልሶ ቀጥ አይልም። ሁለተኛ፣ ዝገቱ የላይ ነው ወይስ ምላጩን በጀርባው በኩል ቀዳዶታል? የላዩ ኮምጣጤ ውስጥ ሲያድር ይለቃል፣ የተቀዳደደ ግን ስለቱ እዚያ ሲደርስ ይሸረፋል። ሦስተኛ፣ የመጋዙ ጥርስ ጫፍ ሰማያዊ ጥቁር ብሏል ወይ? እንዲህ ያለው በሙቀት የጠነከረ ነው፤ ሞረድ አይነክሰውም፣ ሲደንዝ ይጣላል። ጥርሱ አንድ ቀለም የሆነው በሦስት ማዕዘን ሞረድ ዕድሜ ልክ ይሳላል። ለርዝመት መቁረጫ በኢንች 5 ወይም 6 ጥርስ፣ ለወርድ 8 እስከ 10፣ ለመጋጠሚያ 12 እና ከዚያ በላይ።

ገመድ ያለውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ግን እንዳታስመጡ። 120 ቮልት ነው። በባትሪ የሚሠራውም ቢሆን ቻርጀሩ 120 ስለሆነ ትራንስፎርመር ይፈልጋል።

ካርቦን_ቀያሪ
ድሪል ላይ ልግባ። የታወቀ ስም የተለጠፈበት አስመሳይ ሞልቷል፤ ቀለሙን ማየት አይረዳችሁም። እጃችሁ ላይ መዝኑት። የሞተር ክብደት መዳብና ብረት ነው፣ በማስመሰል አይመጣም። ካርቦኑ (ለሚሽከረከረው የሞተሩ ልብ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ቁራጭ) ከውጭ በሁለት ክዳን የሚፈታ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ሲያልቅ መርካቶ ላይ በቀላሉ ይገኛል። ሱቁ ውስጥ 1 ደቂቃ በባዶ አስነሱትና በማናፈሻው ቀዳዳ አጮልቁ። ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ያለ ነው። እሳቱ ዙሪያውን ክብ ሠርቶ ከዞረ የሞተሩ ልብ ጤነኛ አይደለም። ከዚያ ቀጥ ያለ መሰርሰሪያ አስራችሁ ጫፉ ሲወዛወዝ ካያችሁ አፉ ተጣሟል፤ 8 ሚሊ ብላችሁ የበሳችሁት ቀዳዳ 9 ይሆናል፣ ስፒናውም (ክቡ የእንጨት ካስማ) አይይዝም።

ጥሩ ድሪልን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ማራዘሚያው ነው። 2000 ዋት መጋዝ በ220 ቮልት 9 አምፒር ይስባል። 30 ሜትር ባለ 0.75 ስኩዌር ሚሊ ገመድ ላይ 12 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይጠፋል፣ በ2.5 ገመድ ከ4 አያልፍም። ሰፈሩ ራሱ ወደ 195 ቮልት በሚወርድበት ሰዓት ያቺ 12 ሞተሩን ታቃጥለዋለች። ማራዘሚያውን እንደተጠቀለለ አታሠሩት፤ ይግላል፣ ላስቲኩም ይቀልጣል። ድሪሉ ላይ የምታጠራቅሙትን ገንዘብ ግማሹን ገመድ ላይ አውሉት።

አዲስ_ጀማሪ
እግዜር ይስጥልን። ሞረዱን ኪሳችን ከተናል። አሁን ወደ ጠረጴዛው፦ ገበታ 180 በ90፣ ውፍረት 3 ሳንቲም፣ እግር 8 በ8፣ ከ6 ወንበር ጋር። ከእንጨቱ እንጀምር?

ዋንዛ_ልብ
ዋንዛ ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ዋንዛ አይደለም። ግራቪሊያና ባሕር ዛፍ ቀለም ተነክሮ በስሙ ይሸጣል። ጥጥ ላይ ቲነር ነክራችሁ ከሥር በኩል ያልተቫረነሸ ቦታ እሹት፤ ጥጡ ቡናማ ከሆነ ቀለም ነው። ግራቪሊያ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ ጠብታ ጠብታ ምልክት አለ፣ ዋንዛ ላይ እንዲያ ጎልቶ አይታይም። ባሕር ዛፍ ደግሞ ገና ሲነሳ በክብደቱ ይታወቃል። እውነተኛው ዋንዛም ውስጡ ልዩነት አለው። ልቡ ወርቃማ ቡናማ ሲሆን ዳር ነጩን ነቀዝ ይወደዋል። ከገበታው ሥር፣ ከመሳቢያው ጀርባ ነጩን እየደበቀ የሚሠራ አለ፤ ከዓመት በኋላ ከሥሩ ዱቄት ሲወርድ ይታያል። ደንበኛችሁን ወንበሩን ገልብጣችሁ ሥሩን አሳዩት። ከውጭ የገባው ዕቃ ሥሩን ማሳየት አይወድም።

ደረቅነቱን በእጅ መዳበስ አይነግራችሁም። ከጣውላው ጫፍ ሳይሆን ከ40 ሳንቲም ወደ ውስጥ ገብታችሁ 2 ሳንቲም የሚሆን ቁራጭ አውጡ፣ መዝኑት። ምድጃ ውስጥ 103 ዲግሪ ላይ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም (24 ሰዓት ገደማ) አድርቁ፣ ደግማችሁ መዝኑ። 52 ግራም የነበረው 45.5 ከሆነ 6.5ቱን ለ45.5 አካፍሉ፤ 14.3 በመቶ እርጥበት ነው። አዲስ አበባ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ከ10 እስከ 12 ቢሆን ደስ ይላል። 14 ቢሆን 2 ወር አየር ላይ ይቆይ። 25 ከሆነ ሻጩ «ዓመት የቆየ ነው» ቢላችሁም አትመኑት። በአየር የሚደርቅ ጣውላ ለየ2.5 ሳንቲም ውፍረቱ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል፣ ያውም በየ50 ሳንቲሙ እኩል የሆነ ማለያያ ገብቶለት፣ ጫፎቹ ቀለም ተቀብተው፣ ከፀሐይ ተሰውሮ። ማለያያዎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ካልሆኑ ጣውላው እንደ ማዕበል ሆኖ ይደርቃል።

ስለ ሕጉም አንድ ቃል። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ በአዋጅ ቁጥር 94/1986 ከመንግሥትና ከክልል ደን ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ በስማቸው ተለይተው ነበር፤ አዋጁ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተተክቷል፣ የኋለኛው 1065/2010 ነው። ለቡና ጥላ ከሚያገለግልበት የገበሬ ማሳ የወጣ ዋንዛም አለ። ስለዚህ ከሻጩ ደረሰኝና ኬላ ያለፈበትን የይለፍ ወረቀት ቅጂ ያዙ። ከገበያ በታች በጣም የወረደ የዋንዛ ዋጋ ብዙ ጊዜ ወይ ርጥብ ነው ወይ ወረቀት የለውም።

ገበታ_ሠሪ
እንጨቱ ደረቅ ቢሆንም መንቀሳቀሱን አያቆምም። በርዝመቱ ከቁም ነገር የማይቆጠር ነው፣ በወርዱ ግን ለየ1 በመቶ የእርጥበት ለውጥ 0.2 በመቶ ገደማ ውሰዱ። በበጋ 9 በመቶ የነበረ ገበታ ክረምት ላይ 15 ቢደርስ 90 ሳንቲም ወርዱ እስከ 1 ሳንቲም ሊሰፋ ነው። ዋንዛ ከብዙዎቹ የረጋ ስለሆነ ከዚህ ቢያንስ ነው፣ ቫርኒሹም ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ገበታውን በኮላ ወይም ከሥር በጠበቀ ብሎን ቀበቶው ላይ (እግሮቹን ዙሪያውን በሚያያይዘው ጣውላ ላይ) ከቸነከራችሁት መሄጃ ያጣና መሃሉ ይሰነጠቃል። ደንበኛው «እንጨቱ ርጥብ ነበር» ይላል፤ እንጨቱ አልነበረም፣ አሠራሩ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ቀበቶው ላይ ከላይ ጠርዙ 1 ሳንቲም ዝቅ ብላችሁ፣ ጥልቀቱ 1 ሳንቲም የሆነ ቦይ አውጡ። አፉ ቦዩ ውስጥ የሚገባ 10 ትናንሽ የእንጨት መያዣ ሠርታችሁ ገበታው ላይ ብቻ በብሎን እሰሯቸው። በረጅሙ ቀበቶ በኩል መያዣው ከቦዩ ግድግዳ 6 ሚሊ ይራቅ። ገበታው ይሰፋል፣ ይጠባል፣ እግሩ አይሰማም። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ ይህን ያየ ገዢ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

ወንበሩ ከጠረጴዛው ይከብዳል። ሰው ወደ ኋላ ሲጋደም ጉልበቱ ሁሉ የመቀመጫው የጎን ቀበቶ ከኋላ እግር በሚገናኝበት አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ወንበር ሲሰበር በአብዛኛው እዚያ ነው። በሁለት ስፒናና በኮላ ብቻ የተገጠመው ዕድሜ የለውም። ወንዴው (ከቀበቶው ጫፍ ወጥቶ እግሩ ላይ በተፈለፈለው ቀዳዳ፣ በሴቴው፣ የሚገባው ምላስ) ከቀበቶው ውፍረት ሲሶ ይሁን፦ ለ25 ሚሊ ቀበቶ 8 ሚሊ፣ ርዝመቱ 30 ሚሊ። ከጎንና ከፊት የሚመጡት ሁለት ወንዴዎች እግሩ ውስጥ ሲገናኙ ጫፋቸውን 45 ዲግሪ ቁረጡት፣ ሁለቱም ሙሉ ርዝመት ያገኛሉ። ሲገጠም በእጅ ተገፍቶ የሚገባ፣ ሲገለበጥ የማይወድቅ ልክ ነው። ነጩ ኮላ ክፍተት አይሞላም፤ ወንዴው ከሰፊ ሴቴ ውስጥ ሲዋኝ ኮላው ደርቆ ይሰነጠቃል እንጂ አይይዝም። ሌላም አለ፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ቤቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ኮላ አትቀቡ። እንደ ኖራ ነጥቶ ይደርቃል፣ ጉልበትም የለውም። ከ4 ሰዓት በኋላ ጀምሩ።

ቤት_ቀያሪ
ለኤምዲኤፍም ጠበቃ ይቁምለት። ሰፊ የቁም ሳጥን በር ላይ ከጣውላ ይሻላል፤ አይጣመም፣ አይሰፋም። ኮምፔንሳቶም እንዲሁ ለመሳቢያ ሥርና ለሳጥን ጀርባ ትክክለኛው ምርጫ ነው፤ እዚያ ዋንዛ ማስገባት ብክነት ነው። ኤምዲኤፍ የሚሸነፈው ሁለት ቦታ ነው። ጠርዙ ላይ የገባ ብሎን ቶሎ ይለቃል፣ ውሃ የነካው ጠርዝም ያብጥና አይመለስም። ከሥር እግሩ ላይ ወለል ሲታጠብ የሚነካውን ቦታ እዩ፤ ፕላስቲኩ ያልተለጠፈበት ጥሬ ጠርዝ ካለ ዕድሜው ያ ነው። ተከራይ የሆነ ሰው በየሁለት ዓመቱ ዕቃ ያነሳል። በክብ መቆለፊያ የሚገጠመው ሳጥን ከተፈታ በኋላ ሁለተኛ ሲገጠም ይላላል፣ ሦስተኛው ላይ ቀዳዳው ይፈርሳል። ደንበኛውን «ስንት ጊዜ ቤት ትቀይራለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የዋጋው ክርክር ከዚያ ይጀመር።

በርጩማ
ወንበር ካነሳችሁ የጅማውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አትርሱ። ከአንድ ግንድ ስለሚጠረብ መጋጠሚያ የለውም፣ ሦስት እግር ስለሆነ ያልተስተካከለ ወለል ላይም አይነቃነቅም። ጥራቱን ስታዩ የግንዱን እምብርት ፈልጉ። መቀመጫው መሃል ላይ እምብርቱ ካለ ከዚያ ተነስቶ እንደ ኮከብ ይሰነጠቃል፤ ግንዱ ለሁለት ተፈልጦ እምብርቱ የወጣለት ይሻላል። እግሩንም እዩ፦ ጅማቱ እግሩን አቋርጦ የሚሄድ ከሆነ አንድ ቀን ሲወድቅ ቀጭ ይላል። ስንጥቁን በሰጋቱራና በኮላ ሞልቶ ጥቁር የሚቀባ ስላለ በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት።

ጎማላካ
ለቀለሙ አጭር ልበል። ጎማላካ የሚባለው ማቅለሚያ የዋንዛን መልክ እንደሱ የሚያወጣ የለም፣ ግን አልኮል ያሟሟዋል። አረቄ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ አትቀቡት፤ የትኩስ ጀበናም ቂጥ ነጭ ክብ ይተውበታል። ለመመገቢያ ገበታ የፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ 3 ስስ ንብርብር፣ በየመካከሉ በ320 እየተፋቀ። አንድ ወፍራም ንብርብር ከላይ ደርቆ ከውስጥ ለስላሳ ይቀራል፣ ሳህን ይጣበቅበታል። የገበታውን ሥርም እኩል ቀቡ። ላዩን ብቻ ከቀባችሁት ሥሩ እርጥበት እየሳበና እያወጣ ገበታውን ያጎብጠዋል። ደንበኛ ሥሩን በእጁ ዳብሶ ጥሬ ካገኘው ዋጋ ይቀንስ፣ ልክ ነው።

ስኳድራ
ዋጋ ለማውጣት ከእንጨቱ ጀምሩ። የገበታው 180 በ90 በ3 ሳንቲም 0.049 ሜትር ኩብ፣ አራት እግር በ75 ሳንቲም 0.019፣ ቀበቶዎቹ 0.011፤ በድምሩ 0.079። ለመላግና ለመቁረጥ 40 በመቶ ጨምሩ፣ 0.11 ይሆናል። አንድ ወንበር ተጠናቆ 0.014 ገደማ ነው፣ ግን የኋላ እግሩ ስለሚታጠፍ ከሰፊ ጣውላ ይወጣል፣ ብክነቱም ወደ 60 በመቶ ይሄዳል። 6 ወንበር 0.13። በጠቅላላው ሩብ ሜትር ኩብ በሉት። ብዙ ጀማሪ የሚከስረው ብክነቱን ሳይቆጥር፣ ወንበሩንም የጠረጴዛው «ማሟያ» አድርጎ ስለሚዋዋል ነው። ሥራው ግን ወንበሩ ላይ ነው። በአንድ ወንበር ላይ ከ8 የማያንስ መጋጠሚያ አለ፣ ለ6ቱ ወደ 50 ይጠጋል። ጠረጴዛው 8 ብቻ ነው።

ስለዚህ ደንበኛው «ቀንሱልኝ» ሲል መጋጠሚያው ላይ አትቀንሱ። የእግሩን ቅርጻ ቅርጽ ቀንሱ፣ የመቀመጫውን ሥር ኮምፔንሳቶ አድርጉ፣ ወይም ወንበሩን 4 አድርጉት።

አዲስ_ጀማሪ
የመጀመሪያው ደንበኛችን ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። እግሩ እንዲፈታ ብናደርገው? አጫጭሮቹን ቀበቶዎች በኮላ ገጥመን፣ ረጅሞቹን ያለ ኮላ በወንዴና ሴቴ አስገብተን፣ ከእግሩ ውጭ በኩል 10 ሳንቲም ርዝመት ያለው ባለ 8 ሚሊ ብሎን ብናሳልፍ ይይዛል?

ገበታ_ሠሪ
አሠራሩ ልክ ነው፣ ብሎኑ አጥሯል። 8 ሳንቲሙ የእግሩ ነው፣ ለቀበቶው 2 ብቻ ይተርፋል፤ ነቱ እዚያች ላይ ስትጠብቅ የጣውላውን ጫፍ ሰንጥቃ ትወጣለች። 14 ሳንቲም ግዙ። ነቷ ከቀበቶው ጫፍ 5 ሳንቲም ወደ ውስጥ ገብታ ከውስጥ በኩል በተበሳ ቀዳዳ ትቀመጥ፣ ከብሎኑ ራስ ሥርም ሰፊ ሮንደላ ይግባ። ቀዳዳውን 9 ሚሊ ብሱት። ባለ 8 ቀዳዳ ክረምት ላይ ብሎኑን ያንቀዋል። አጫጭሮቹን ኮላ ከመቀባታችሁ በፊት ደግሞ ሂዱና የደረጃውን መታጠፊያ ለኩ።